ድመቷ ንጹሕ ናት፤ ሽታው የማን ነው?



በከተማ ቤቶቻችን ተደጋግሞ የሚሰማ ታሪክ አለ። ልጅ ከሰፈር አንዲት ግልገል ድመት ይዞ ይገባል። እናት ስታጉረመርም «ኧረ እማዬ፣ ድመት እኮ ነጃሳ አይደለችም፤ ሐዲስ አለ» ይላታል። ሐዲሱ ትክክል ነውና እናትም ዝም ትላለች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከሶፋው ጀርባና ከጫማ መደርደሪያው ሥር አንድ ጠረን መምጣት ይጀምራል። ዑድ ይጨሳል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ምንጣፍ በረንዳ ላይ ይሰጣል። ጠረኑ ግን ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ድመቷ ማዳበሪያ ውስጥ ተከታ ገበያ አካባቢ ትጣላለች። ጥፋቱም የሷ ሆኖ ይቀራል።

እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። ለምን እንደማንስማማ ለማሳየት ወደ ኋላ ሄደን ድመትና ሰው አንድ ጣሪያ ሥር የኖሩበትን ታሪክ፣ በተለይም ብዙ የማይወራለትን የመጸዳጃዋን ታሪክ እናያለን። ድመት ወደ ሰው ቤት ስትመጣ የራሷን የንጽሕና ሥርዓት ይዛ ነው የመጣችው። ያጣችው አፈሩን ነው።

ከመዲና እንጀምር። ሶሃባው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ወደ ልጃቸው ቤት ገቡ። የልጃቸው ሚስት ከብሻ ቢንት ከዕብ ኢብን ማሊክ የዉዱእ ውሃ ቀዳችላቸው። በዚህ መሃል ድመት መጣችና ከውሃው ልትጠጣ ፈለገች። አቡ ቀታዳ ዕቃውን ዘንበል አድርገው እስክትጠግብ አጠጧት። ከብሻ በመገረም ስታያቸው «ገረመሽ እንዴ?» በሚል መንፈስ ጠየቋትና ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በቤታችን ውስጥ ከሚዞሩት መካከል እንደሆነች መናገራቸውን ነገሯት። ሐዲሱ በኢማም ማሊክ ሙወጦእ፣ በአቡ ዳዉድ፣ በቲርሚዚ፣ በነሳኢና በኢብን ማጃህ ተዘግቧል።

እዚህ ላይ «የሚዞሩ» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባል። በሱረቱ‐ን‐ኑር 58ኛው አንቀጽ የቤት አገልጋዮችና ልጆች አንዳንድ ጊዜያት ላይ ካልሆነ በቀር በየጊዜው ፈቃድ ሳይጠይቁ እንደሚገቡና እንደሚወጡ ሲነገር የተጠቀሰው ይኸው የ«ጠዋፍ» ሥር ያለው ቃል ነው። ድመት በዚህ ቃል የቤተሰቡ አካል ሆና ተቆጥራለች። ፉቀሃዎችም ከዚህ የተረዱት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ከቤት የማይለይ፣ ዕቃ የሚነካ፣ ሊጠበቁት የማይቻል እንስሳ ነጃሳ ቢባል ሰው በችግር ይወጠር ነበር። ኢማም አቡ ሐኒፋ ድመት ቀምሳ የተረፈችውን ውሃ መክሩህ ሲሉት፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች ምንም ችግር አላዩበትም።

ልጁ ለእናቱ የጠቀሰው ይህንን ነው። ያልጠቀሰው ሌላ ግማሽ አለ። የሐዲሱ ጉዳይ የድመቷ ገላና ምራቅ ነው። ሽንቷና ዓይነ ምድሯ ግን በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ነጃሳ ነው። ምንጣፍ ላይ ከነካ መታጠብ አለበት፣ ልብስ ላይ ከነካም እንደዚሁ። እናትም ልጅም እውነት አላቸው፤ የተከራከሩት ስለተለያየ ነገር ነው።

ታዲያ የመዲና ቤቶች ለምን ይህ ጭንቀት አልነበረባቸውም? ቤቶቹን ማሰብ ነው። ወለላቸው አፈር ነው፤ ከበሩ ውጭም አፈር ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የኢፍክን ክስተት በተረኩበት ረጅም ሐዲስ ውስጥ፣ ያኔ ገና በቤቶቻቸው አጠገብ መጸዳጃ ስላልነበረ ሴቶች ሌሊት ሌሊት ወደ ሜዳ ይወጡ እንደነበር ጠቅሰዋል። ሰውም ድመትም ለዚህ ጉዳይ ከቤት ይወጡ ነበር ማለት ነው። አቡ ሁረይራም (ረ.ዐ) ቅጽል ስማቸውን ያገኙት የቤተሰባቸውን በጎች ሲጠብቁ አብራቸው ከምትውል ትንሽ ድመት ነው። ቲርሚዚ በዘገቡት መሠረት ሌሊት ዛፍ ላይ ያስቀምጧት ነበር፤ ቀን ይዘዋት ወጥተው ይጫወቱባታል። ድመቲቱ የሜዳ ድመት ነበረች።

(መቼም ስለ ድመት ሲነሣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ሙዒዛ» የምትባል ድመት ነበራቸው፣ ተኝታባቸው የልብሳቸውን እጅጌ ቆረጡላት የሚለው ጽሑፍ በየጊዜው ይዘዋወራል። ይህ በታወቁት የሐዲስ መጻሕፍት ውስጥ የለም። የእጅጌው ታሪክ በመጻሕፍት የሚገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ስለኖሩት ስለ አሕመድ አር‐ሪፋዒ ተነግሮ ነው። ስታጋሩ ብትጠነቀቁ።)

ድመት ዓይነ ምድሯን መቅበሯ ከጥንት የሰዎችን ዓይን የሳበ ነገር ነው። በ808 ዓመተ ሂጅራ (1405) ያረፉት የካይሮው ሊቅ ከማሉዲን አድ‐ደሚሪ «ሐያቱል ሐየዋን» በተባለው የእንስሳት መዝገባቸው ውስጥ ይህንን በጥንቃቄ አስፍረዋል። እንደሳቸው አገላለጽ ድመት መጀመሪያ ታሸተዋለች። ጠረኑ ኃይለኛ ከሆነ ጠረኑም አካሉም እስኪሰወር ትሸፍነዋለች፤ ቀለል ካለ በጥቂት አፈር ታልፈዋለች። ምክንያቱንም ሲያስረዱ አይጥ ሽታውን አውቃ እንዳትሸሽ ነው ይላሉ። እዚያው ላይ ከዘመኽሸሪ የተወሰደ አንድ ሐሳብ አለ፦ አላህ ይህን ለድመት ያሳወቃት ሰውም አይቶ የራሱን እንዲሸፍን ነው የሚል።

ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈውን ይህን ምልከታ ዛሬ ድመት ያለው ሰው ሁሉ በዓይኑ ሊያረጋግጠው ይችላል። ስለ አይጧ የተባለውም ቢሆን መሠረት አለው፤ በቤተ ሙከራ ተወልደው ድመት አይተው የማያውቁ አይጦች እንኳ የድመት ሽንት ጠረን ካለበት ቦታ እንደሚርቁ ተመራማሪዎች አይተዋል። የዘመናችን ሊቃውንት አንድ ነገር ይጨምሩበታል። ድመት በምትኖርበት አካባቢ ትሸፍናለች፣ በክልሏ ድንበር ላይ ግን አንዳንዴ ሳትሸፍን ትተዋለች፤ ለሌሎች ድመቶች መልእክት ነው።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት እንደሆነ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የዘረ መል ጥናት አሳይቷል። ቆጵሮስ ውስጥም 9,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው መቃብር ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። የደረቅ አገር እንስሳ ነች። ሁለት ነገር ከዚያ ይዛ መጥታለች፦ ልቅ አፈርና አሸዋ የመፈለግ ጠባይ፣ እንዲሁም ውሃ የሚቆጥብ ኩላሊት። ኩላሊቷ ውሃውን ስለሚያስቀር ሽንቷ እጅግ የወፈረ ነው። በረሃ ላይ ይህ ጸጋ ነው፤ ሴራሚክ ላይ ግን ሌላ ጉዳይ ይሆናል።

ከተሞች ሲያድጉ ሙስሊሞች ለድመት ምን አደረጉ? ከ1260 እስከ 1277 ግብፅና ሻምን የገዛው ሱልጣን አዝ‐ዛሂር በይበርስ ከካይሮ በስተሰሜን በመስጂዱ አቅራቢያ ያለን አንድ የአትክልት ቦታ ለድመቶች ጥቅም ወቅፍ አድርጎ ነበር። ይህን የነገረን በ1830ዎቹ ካይሮ የኖረው እንግሊዛዊ ኤድዋርድ ሌን ነው። እሱ በደረሰበት ጊዜ ቦታው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ፣ ለዓላማው የሚገባው ገንዘብ በዓመት 15 ቂርሽ ብቻ ሆኖ ነበር። ቢሆንም ልማዱ አልጠፋም። በየቀኑ ዐስር ሶላት ላይ በፍርድ ቤቱ ሰፊ ግቢ ምግብ ይመጣል፣ የካይሮ ድመቶችም እየተጠሩ ይበላሉ፤ ወጪውም በቃዲው ትከሻ ላይ ነበር።

የበይበርስን ወቅፍ በዚህ ጽሑፍ ያነሣነው ለቸርነቱ ብቻ አይደለም። ለድመት የተወቀፈው የአትክልት ቦታ ነበር፦ ዛፍ፣ ጥላ፣ አፈር። ቦታው ሲሸጥ ሥጋው ቢቀጥልም አፈሩ ግን ቀረ። ከተሞች ሁሉ ከዚያ በኋላ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው፤ ምግቡን ሰጡ፣ መሬቱን በድንጋይና በሲሚንቶ ሸፈኑ።

በኛም አገር ብዙ ጊዜ አልሆነውም። የወላጆቻችን ድመት የጓሮ ድመት ነበረች። ምድጃ አጠገብ ትተኛለች፣ አመድ ላይ ትንከባለላለች፣ ጉዳይዋን የምትጨርሰው ከጎመኑ መደብ ወይም ከአጥሩ ሥር ነው። ማንም ስለ ድመት መጸዳጃ አስቦ አያውቅም፤ ማሰብም አላስፈለገውም። ዛሬ አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ በር ተዘግቶባት የምትውል ድመት ያንኑ አፈር ትፈልጋለች። የምታገኘው የአበባ ማሰሮ፣ የልብስ ክምር፣ ስፖንጅ ፍራሽ ነው። ለስላሳና የሚጫር ነገር ስለሆነ እሷ ትክክለኛውን ነገር ያደረገች ይመስላታል።

አሜሪካኖች እዚህ ችግር ላይ ከኛ ቀድመው ደርሰዋል። እዚያ ድመትን ሌሊት ወደ ውጭ ማስወጣት የተለመደ ነበር፤ ክረምት ሲከብድ ቤት ውስጥ ሣጥን ላይ አሸዋ ወይም አመድ ይደረግላታል። በጥር 1947 ሚሺጋን ግዛት ውስጥ ካሶፖሊስ በምትባል ትንሽ ከተማ አንዲት ጎረቤት ኤድ ሎው ወደሚባል ወጣት ዘንድ መጣች። አሸዋዋ በብርድ ደርቆ ድንጋይ ሆኖባታል፣ አመዱ ደግሞ በድመቷ መዳፍ ቤቱን ሁሉ አጥቁሮባታል። ሎው ከአባቱ ጋር ለፋብሪካዎች ዘይት መምጠጫ ይነግድ ነበርና አሸዋ በመስጠት ፈንታ ከመጋዘኑ የደረቀ ጥራጥሬ ሸክላ አፈር ሰጣት። ሴትዮዋ ደግማ መጣች፤ ጓደኞቿም መጡ።

ሎው 5 ፓውንድ፣ ማለትም ከ2 ኪሎ ጥቂት ከፍ የሚል አፈር በከረጢት ሞልቶ በ65 ሳንቲም ሊሸጥ ወደ አንድ ሱቅ ወሰደ። ባለሱቁ አሸዋ በነጻ በሚገኝበት አገር ማን ለአፈር ይከፍላል አለው። ሎውም እንግዲያው በነጻ ስጥልኝ አለ። ነጻውን የወሰዱት ሰዎች ሲጨርሱ ገንዘብ ይዘው ተመለሱ። በ1990 ሥራውን ሲሸጥ ዋጋው 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። በ1980ዎቹ ደግሞ ቤንቶናይት የተባለው፣ ሲረጥብ አብጦ የሚጓጉል የሸክላ ዓይነት ሥራ ላይ ዋለና የረጠበውን ብቻ በማንኪያ ለቅሞ ማውጣት ተቻለ። ዛሬ በትልልቅ ሱፐርማርኬቶቻችን የምናየው ውድ ከረጢት ይኸው ነው። ይህ ሁሉ ንግድ የቆመው አቡ ሁረይራ ሜዳ ላይ በነጻ በነበራቸው ነገር ላይ መሆኑ ትንሽ ያስቃል።

አሁን ወደ ሽታው እንምጣ። ትኩስ የድመት ሽንት ያን ያህል አይሸትም። በውስጡ ብዙ ዩሪያ አለ፤ ያው ገበሬው በማዳበሪያነት የሚያውቀው ዩሪያ። ባክቴሪያዎች ሲደርሱበት ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፣ ዓይን የሚያቃጥለው ጠረን ያኔ ይመጣል። ከዚህ በተጨማሪ በድመት ሽንት ውስጥ ፌሊኒን የሚባል፣ ሰልፈር የያዘ ንጥረ ነገር አለ። ካልተኮላሸ ወንድ ድመት ይበዛል፤ ሲፈርስ ያንን ከሁሉ የባሰ ክርፋት ይሰጣል። ወንዱ ደግሞ ጅራቱን አቁሞ ግድግዳ ላይ ይረጫል። ማኮላሸት ይህንን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ በሸሪዓ በኩል ግን ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው የምታምኗቸውን ዓሊም ጠይቁ።

ሽታው ከጊዜ ጋር የሚፈጠር ከሆነ መድኃኒቱም ጊዜ ነው ማለት ነው። ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ጥቂት ጣት ከፍታ ያለው ደረቅ አሸዋ ወይም ከአናጢ ቤት የመጣ፣ ቀለምና ቫርኒሽ ያልነካው ሰጋቱራ ይበቃል። ዓይነ ምድሩና የረጠበው ክፍል በየቀኑ ይወጣል፤ ሙሉው በየጥቂት ቀኑ ተደፍቶ ሳፋው ይታጠባል። የገዛችሁት የሚጓጉለው ዓይነት ከሆነ ሽንት ቤት ውስጥ አትድፉት፤ ቧንቧው ውስጥ አብጦ የታችኛውን ጎረቤት ያስለቅሳል። ሳፋው ከምግቧ ራቅ ብሎ ጸጥ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ሁለት ድመት ካለ ሦስት ሳፋ ቢኖር ይመከራል፤ ጠባብ ቤት ላለን ሰዎች ይከብዳል፣ ያለው አማራጭ ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ነው። የድመት አፍንጫ ከኛ እጅግ የበረታ ስለሆነ እኛ ገና «ደህና ነው» የምንለው ሳፋ ለሷ ያለፈበት ሊሆን ይችላል። ደሚሪ እንደጻፉት ቀድማ ታሸታለች፤ ካልተስማማት ወደ ፍራሹ ትሄዳለች።

ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ከተነካስ? ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ዑድ ነው። በፊቅህ ግን ነጃሳን ማስወገድ ማለት አካሉን ማስወገድ፣ ቀጥሎም ጣዕሙ፣ ቀለሙና ጠረኑ እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ ብዙ ተለፍቶበት የማይለቅ ነገር ሲቀር ይቅር ይባላል። ጠረን እዚህ ውስጥ መቆጠሩ ለኛ ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው። ጭስ ነጃሳን አያነሣም፤ አሞኒያን በዑድ ከመቀየጥ ሌላ የሚፈይደው የለም። አንድ የገጠር ዐረብ መስጂድ ውስጥ በሸና ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች እንዳይቆጡት ከልክለው አንድ ባልዲ ውሃ እንዲደፋበት አዘዋል። ያ መሬት አፈር ነበር፣ ይመጥጣል። ስፖንጅ ላይ ቀድሞ ውሃ ቢደፋ ሽንቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ እየተጫኑ ማስመጠጥ፣ ከዚያ ውሃ አፍስሶ እንደገና ማስመጠጥ፣ ጠረኑ እስኪሄድ መደጋገም። ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ከተገኘ የቀረውን ይፈጫል።

በረኪና ግን በድመት ሽንት ላይ አታፍስሱ! በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት በር ዘግታችሁ ብትሞክሩት ሳንባ ይጎዳል።

ሌላው የሚያሳዝነን ነገር ድብደባው ነው። ሳፋዋን ለምዳ የኖረች ድመት ድንገት ሌላ ቦታ መሽናት ከጀመረች አፍንጫዋን ሽንቱ ላይ የሚያሹ፣ በጫማ የሚመቱ አሉ። ብዙ ጊዜ ግን ታማ ነው። በተለይ ወንድ ድመት ሳፋው ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ፣ እየጮኸ ጠብታ ካልወጣው የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። ያኔ የሚያስፈልገው የእንስሳት ሐኪም ነው፣ እዚያው በዚያው ዕለት።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የዚያችን ሴት ሐዲስ ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ ሰምተናል፤ በድመት ምክንያት እሳት የገባችውን። ጥፋቷ ምን እንደነበር እንደገና ብናነበው ጥሩ ነው። ዘግታባታለች፣ አላበላቻትም፣ ምድር ላይ ከሚገኘውም ፈልጋ እንድትበላ አልለቀቀቻትም። ድመት ማሳደግ የሚያስጠይቀው በሩ ሲዘጋ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ በር የዘጋን ሰዎች ምግቡንም ውሃውንም አፈሩንም እኛው ማቅረብ አለብን ማለት ነው። ይህ የማይቻል ሆኖ ለታየው ሰው ሳያመጣት መቅረት ይሻለዋል፤ ካመጣ በኋላ ማዳበሪያ ውስጥ ከቶ ገበያ መጣል ግን የቤት ድመትን ለውሾችና ለመኪና መስጠት ነው።

አንድ ነገር ይቀራል፣ እሱም ነፍሰ ጡር እህቶቻችንን ይመለከታል። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ በአንዳንድ ድመቶች ዓይነ ምድር ይወጣል፤ በእርግዝና ጊዜ አዲስ ከያዘ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ከድመት ጋር ያለው ዝምድና በሳይንስ የታወቀው በ1970 አካባቢ ነው። ተሕዋሱ እንደወጣ ወዲያው አይጋባም፤ ለመጋባት ከ1 እስከ 5 ቀን ያስፈልገዋል። በየቀኑ የሚጸዳ ሳፋ እዚህም ይጠቅማል። (ደግሞም ሁሉም በድመት አይሳበብ፤ ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣም ያስይዛሉ።) ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። ነፍሰ ጡሯ ሳፋውን አትንካ፣ ባልየው ያጽዳ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተጠይቀው ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር መልሰዋልና ወንድሞቻችን ማንኪያዋን ለዘጠኝ ወር ቢይዙ ምንም አይሉም።